«ይሄ መንቀጥቀጥ በዘር ነው ወይ?» ለሚሉኝ ሁሉ

የአባቴ ፓርኪንሰን (ሰውን የሚያንቀጠቅጥና የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም ነው) በዘር ይሄዳል አይሄድም የሚለው ጥያቄ እኛ ቤት የመጣው በሳይንስ በኩል አይደለም፣ በሽማግሌ በኩል ነው። የእህቴን ልጅ ለጋብቻ የጠየቁት ሰዎች ሩቅ አይደሉም፣ እዚያው ቢቸና ዙሪያ ናቸው፣ ያውቁናል እናውቃቸዋለን፣ ብቻ እንደ ወጉ ነገሩ ከመቆረጡ በፊት ዘር ይጠናል አይደል፣ ሲያጠኑ አንዱ «አያትየው እኮ ይንቀጠቀጣሉ፣ የሳቸውም አባት ሲንቀጠቀጡ ኖረው ነው የሞቱት፣ ይሄ ነገር በደማቸው ያለ ነው» ብሎ ጣል አደረገ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀዘቀዘ። እህቴ ደወለችልኝና «አንቺ የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ፣ በዘር ነው አይደለም? አዎ ወይ አይ በይኝና ልገላገል» አለች።

አዎ ወይ አይ ብሎ መገላገል ቢቻል ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ጎጃም ላደገ ሰው «ዘሩ ነው» የምትባል ቃል ምን እንደምታደርግ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ከታወቀ እኮ ከ1873 ጀምሮ ነው፣ በመድኃኒት ይድናል፣ ግን እስካሁን «የነእንትና ዘር ቁምጥና አለበት» ተብሎ የቀረ ጋብቻ የማያውቅ ማን አለ። ቡዳውም ያው በዘር ነው ይባላል። ስለዚህ ሐኪም ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ «ጄኔቲክ ሊሆን ይችላል» ሲል የሚያስበውና ወሬው ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ የሚሆነው ነገር አንድ አይደለም። እኔ የምለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ፓርኪንሰን ውስጥ ጂን፣ ማለት ከወላጅ የሚወረስ፣ በፊደል እንደተጻፈ ያለ የሰውነት መመሪያ፣ አለበት፣ እውነት ነው፣ ግን አብዛኛው ሰው ላይ ያለው ተጋላጭነት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ በዚህ ምክንያት እጮኛ የሚመልስ ሰው ደግሞ ሒሳቡን አልሠራውም። ከዚህ በታች ያለው ሒሳቡ ነው፣ ረጅም ነው፣ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ስለ አባዬ ትንሽ ልበል። አባዬ የእድር ጸሐፊ ነበር፣ ለብዙ ዓመት። እና ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቀድሞ የተለወጠው እጁ ሳይሆን ጽሕፈቱ ነው። መዝገቡን አገላብጬ አይቼዋለሁ። የድሮዎቹ ገጾች ላይ ፊደሉ ሰፊና ጉልህ ነው፣ የ«ጠ» እግር ሁሉ ይቆጠራል። ወደኋላ ስትመጡ ግን መስመሩ በደህና ይጀምርና «የየካቲት ያልከፈሉ» ብሎ ስም ዝርዝሩ ላይ ሲደርስ ፊደሉ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጫፍ ላይ ያለው ስም በመነጽርም አይለይም። ገንዘብ ያዡ «ምነው፣ ወረቀት ልትቆጥብልን ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድበት ነበር። ማን ያውቃል ያኔ! ከዚያም በፊት ማሽተት ትቶ ነበር፣ ቡና ምጣዱ ላይ እያረረ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም። ሌሊት በእንቅልፉ ይጮሃል፣ ይራገጣል፣ ሌባ ያባርራል፣ እናቴ ጸበል ትረጨዋለች። የሆድ ድርቀቱንማ ተዉት። እነዚህ ሁሉ መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ ዓመታት ቀድመው ሊታዩ የሚችሉ ምልክቶች መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ቀኝ እጁ ሥራ ሲፈታ፣ ማለት ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሲቀመጥ፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መሃል የሌለ ነገር ማሸት ጀመረ። ሲሄድ ያ እጁ አይወዛወዝም። አንድ ክሊኒክ «ነርቭ ነው» ብለው የቫይታሚን ቢ መርፌ ወጉት፣ ደግመው ወጉት፣ ብሩ ሄደ። ጸበልም ገባ (እሱን አልቃወምም፣ ሰው ተስፋ ይፈልጋል፣ ክኒኑን አስጥሎ እስካልሆነ ድረስ)። በመጨረሻ አዲስ አበባ ኒውሮሎጂስት (የአንጎልና የነርቭ ሐኪም) ጋ ስንደርስ ሐኪሙ ወረቀት ሰጥቶ አጻፈው፣ አስኬደው፣ ክንዱን አጠፍ ዘርጋ አደረገው፣ ጣቶቹን ቶሎ ቶሎ እንዲገጥም አዘዘውና ብዙም ሳይቆይ ስሙን ነገረን። ለዚህ በሽታ ዋናው ምርመራ አሁንም የሐኪም ዓይንና እጅ ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1817 ስለዚህ ሕመም ሲጽፍ የያዘው ስድስት ሰው ብቻ ነው፣ ከስድስቱም ከፊሎቹን መንገድ ላይ ያያቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዘሩ። ሐኪሙ «ቤተሰብ ውስጥ ሌላ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ?» ሲል እኛ በአንድ አፍ «አያታችን!» አልን። እሱ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። መቼ ነው የሚንቀጠቀጡት፣ ሲቀመጡ ነው ወይስ ዕቃ ሲያነሱ፣ አንድ እጅ ነው ሁለቱም አለ። እኛ ምን እናውቃለን፣ አክስቴ ጋ ደወልን፣ እሷ ነች አያቴን የጦረች። አክስቴ ስልኩ ላይ ሆና «ኧረ እሱ ዝም ብሎ ሲቀመጥስ ምንም አልነበረው፣ ብርሌ ሲያነሳ ነው እንጂ፣ ጠላውን በሁለት እጁ ነበር የሚይዝ፣ ሁለቱም ይንቀጠቀጡበታል። ደሞ አረቄ ቢጤ ሲቀምስ ይረጋለት ነበር፣ እንዲያውም ለዚያ ብሎ ነው ይሉት ነበር» አለች። ሐኪሙ ሳቀ። ይሄ ፓርኪንሰን አይመስልም፣ ኤሴንሻል ትሬመር የሚባል ሌላ ነገር ነው የሚመስለው አለን። እሱ ዕቃ ሲያዝ፣ ሲጻፍ፣ ሲጠጣ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እጅ፣ አልኮል ለጊዜው ያረጋዋል፣ እና እሱ ነው በጣም በቤተሰብ የሚሄደው፣ ግማሽ ያህሉ ታማሚ ቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ሰው አለው። ፓርኪንሰን በተቃራኒው እጅ ሲያርፍ የሚብስ፣ ከአንድ ጎን የሚጀምር፣ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ መዘግየቱና መገተሩ የሚያስቸግር ነው። መንቀጥቀጥ የሌለባቸው የፓርኪንሰን ታማሚዎችም አሉ።

እንግዲህ ሰዎቹ «ከአባት ወደ ልጅ የመጣ» ያሉት ማስረጃ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ማለት ነው። አገራችን ላይ «የሚንቀጠቀጥ» የሚባል አንድ ጆንያ አለ፣ ሁሉንም እዚያ ውስጥ እንከታለን፣ ከዚያ ጆንያውን ከፍተን «ዘሩ ነው» እንላለን። ግን እዚህ ላይ ብቆም ማጭበርበር ይሆናል፣ ምክንያቱም ፓርኪንሰንም የራሱ የጂን ታሪክ አለው።

በሽታው ምንድነው፣ አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባል ጠቆር ያለ ቦታ አለ፣ እዚያ ያሉት ሴሎች ዶፓሚን የሚባል እንቅስቃሴን የሚያስተካክል ኬሚካል ይሠራሉ፣ እነሱ ቀስ በቀስ ያልቃሉ። ሰውየው እጁ ሲንቀጠቀጥ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሄዷል። በቀሩት ሴሎች ውስጥ አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ተጠቅልሎ ተከማችቶ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ራሳቸው ይሄ በሽታ ከዘር ጋር ግንኙነት የለውም ነበር የሚሉት። ያን ያስለወጠው ደቡብ ጣልያን ውስጥ ኮንቱርሲ የሚባል የተራራ ከተማ ነው። ከዚያ የወጣ፣ ከፊሉ አሜሪካ የገባ አንድ ትልቅ ዘመድ ተቆጠረ፣ በ5 ትውልድ ውስጥ 60 የሚሆን ሰው በፓርኪንሰን ታሟል፣ በ1997 የዚያን የአልፋ ሲኑክሊንን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን፣ ኤስኤንሲኤ የሚባለው ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ ተገኘች። ከዚያ በ2003 አሜሪካ ሌላ ቤተሰብ መጣ፣ እነሱ ጂናቸው ምንም ስህተት የለበትም፣ ደህና ነው፣ ብቻ ብዛቱ ነው የተለየው፣ እኔና እናንተ ሁለት ቅጂ ሲኖረን እነሱ አራት አላቸው። ፕሮቲኑ ሲበዛ ብቻውን በሽታ አመጣ፣ ያውም በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ። ይሄን ክፍል ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁሌም ቀና የሚሉበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያለ ኃይለኛ ጂን ግን ብርቅ ነው። በአንድ ጂን ብቻ የመጣ ነው የሚባለው ፓርኪንሰን ከመቶ ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ላርክ ቱ የሚሉት ጂን ነው፣ በ2004 የተገኘ። ይሄኛው የታወቀ ሰውም አለው፣ ከጉግል መሥራቾች አንዱ ሰርጌ ብሪን። እናቱ ፓርኪንሰን ነበረባቸው፣ እሱ ራሱ የተለወጠውን ጂን መያዙን በ2008 ራሱ ጽፎ ለሕዝብ ተናገረ። ሰሜን አፍሪካ ላይ፣ የበርበርና የአረብ ሕዝቦች ዘንድ፣ ፓርኪንሰን ካለባቸው ሰዎች ከሦስት አንድ ገደማ ይሄን ለውጥ ይዞ ይገኛል፣ አሽከናዚ አይሁዶች ላይም ብዙ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ ይበቃል። እንግዲህ ስታዩት በቃ ፍርድ ይመስላል፣ አይደለም ግን። ጂኑን ይዘው 80 ዓመት ከደረሱ ሰዎች ስንቱ ታመመ ተብሎ ሲቆጠር እንደየጥናቱ ከመቶ 25 ገደማ ከሚለው እስከ 70 ምናምን የሚለው አለ። በተለይ አዲሶቹ ጥናቶች ወደ ታችኛው ነው የሚያደሉት። ጂኑን ተሸክሞ ዘጠና ዓመት ኖሮ በሌላ ነገር የሚሞት ሰው አለ ማለት ነው።

ቆይ አሁን ለእኛ ሰው የሚጥም ነገር ልንገራችሁ። ሌሎች ጂኖች አሉ፣ ፓርኪን (1998 ጃፓን ውስጥ የተገኘ)፣ ፒንክ ዋን፣ ዲጄ ዋን የሚባሉ። ፓርኪንና ፒንክ ዋን ሥራቸው ሴል ውስጥ የተበላሸውን ማይቶኮንድሪያ (የሴሉን ኃይል ማመንጫ) እየለዩ ማስወገድ ነው፣ ገበሬ ያነከሰውን በሬ ለይቶ ከቀንበር እንደሚፈታው። እነዚህ ሲበላሹ በሽታው ገና በወጣትነት ይመጣል፣ ከ40 ዓመት በፊት፣ አንዳንዴ በሃያዎቹ። ግን በሽታ እንዲሆን ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ መምጣት አለበት፣ ከአንዱ ብቻ ከመጣ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። ሁለት የተበላሸ ቅጂ የሚገናኘው በብዛት የት ነው? ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ። የአጎት ልጅ ማግባት ልማድ በሆነባቸው አገሮች እነዚህ ዓይነቶቹ ጎልተው የሚታዩትም ለዚህ ነው።

እኛስ? እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን! አባዬ እስካሁን ክንዱ እየተገተረም ቢሆን የራሱንም የጎረቤቱንም ዘር እስከ ሰባት ድረስ ወርዶ ይቆጥርላችኋል፣ ሲቆጥር እንዲያውም ድምፁ የሚከፈት ይመስለኛል። አያቶቻችን ስለ ጂን ሰምተው አይደለም፣ ሃይማኖትም ባህልም ሆኖ ነው፣ ግን ውጤቱ በሁለት ቅጂ የሚመጡትን በሽታዎች በሙሉ ጥሩ አድርጎ የሚያርቅ ነገር ነው። ዘር መጠየቁን አልጠላውም እኮ፣ ዘመድ እንዳይጋባ መጠየቁ ትክክል ነው፣ አያት ተንቀጠቀጠ ተብሎ መጠየቁ ነው ስሌቱ የማይገባው።

ከሁሉም ደግሞ በብዛት የሚገኘው ጂቢኤ ነው። የዚህ ጂን አመጣጡ ደስ ይላል፣ ማንም በፓርኪንሰን በኩል ፈልጎት አልተገኘም። ጎሼ የሚባል ሌላ የልጆችና የአዋቂዎች በሽታ አለ፣ ጉበትና ጣፊያ የሚያሳብጥ፣ ሴል ውስጥ አንድ ዓይነት ስብ የሚያፈርስ ኢንዛይም ስለሚጎድል የሚመጣ። ሁለት የተበላሸ ቅጂ የያዘ ጎሼ ይይዘዋል። ሐኪሞቹ ግን እነዚህ ሰዎችና ጤነኛ የተባሉት ዘመዶቻቸው ላይ ፓርኪንሰን እየበዛ መጣባቸው። በ2009 ከብዙ አገር የተሰበሰበ ትልቅ ጥናት ሲወጣ የፓርኪንሰን ታማሚዎች የተበላሸ ጂቢኤ ይዘው የመገኘት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እንዲያም ሆኖ ጂኑን ከያዙት ብዙዎቹ በሽታው ጭራሽ አይነካቸውም።

እና እዚህ ላይ አፍሪካ ገባች፣ ደስ ያለኝ ነገር። እስከ ቅርብ ጊዜ የጂን ጥናቶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል የተሠሩት አውሮፓዊ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2019 የወጣው ግዙፉ ጥናት ጂኖቹ ላይ 90 የተጋላጭነት ቦታ ሲያገኝ እነዚያ 90ዎቹ የአውሮፓ ዘር ላይ የተገኙ ናቸው። በ2023 ግን ናይጄሪያውያን ሐኪሞች፣ ሌጎስ ያሉት ፕሮፌሰር ንጂዴካ ኦኩባዴጆ ያሉበት ቡድን፣ የአፍሪካ ዘር ያላቸውን 1,488 ታማሚዎች ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ጋር አስተያይተው እዚያው ጂቢኤ ላይ ሌላ ለውጥ አገኙ፣ አውሮፓውያን ላይ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቅጂ የያዘ ሰው ተጋላጭነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ፣ ሁለት ቅጂ የያዘ ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። የፈረንጅ ላብራቶሪ ዝርዝር ይዛችሁ «ተመርምሬ ነፃ ነኝ» ብትሉ እንግዲህ ዝርዝሩ ለማን እንደተሠራ መጠየቅ ነው።

ለእኛ አገር ያለው ቁጥር የድሮ ነው፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው አይተው በ1990 ባሳተሙት ከ100,000 ሰው 7ቱ ላይ ነው ፓርኪንሰን ያገኙት። ዝቅተኛ ነው፣ ግን አገሩ የወጣት አገር መሆኑን አትርሱ፣ ይሄ በሽታ ዋናው አጋላጩ ዕድሜ ነው፣ ሰው ረጅም ዕድሜ በኖረ ቁጥር ይበዛል።

ጂን ብቻውን ምን ያህል ይገዛል ለሚለው ደግሞ መንትዮቹን እዩ። በ1999 አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ዘማች የነበሩ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ መንትያ ወንዶች ተጣሩ። ከአንድ እንቁላል የወጡት መንትዮች ጂናቸው አንድ ነው፣ በሽታው የዘር ብቻ ቢሆን አንዱ ሲታመም ሌላውም መታመም ነበረበት። ከ50 ዓመት በኋላ በጀመረው ላይ ግን ከሁለት እንቁላል ከወጡት መንትዮች የተለየ ነገር አላሳዩም። ከ50 በፊት በጀመረው ላይ ነው ልዩነቱ በጣም የታየው። አባዬ የጀመረው ከ60 በኋላ ነው፣ ለእህቴ ደጋግሜ የነገርኳት አንዱ ነገር ይሄ ነበር።

ጂንና አካባቢ እንዴት እንደሚገናኙ ለጎጃም ሰው ለማስረዳት ጣልያን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለውን እግር ዝሆኔ ማየት ይበቃል። ያ በሽታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ነው የሚመጣው፣ ትንኝም የለበት እርግማንም የለበት። ግን አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ካረሱት ወንድማማቾች አንዱ ያብጣል ሌላው አያብጥም፣ ለምን? በ2012 ወላይታ ላይ የተሠራ ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ጂኖች ተጋላጭነቱን እንደሚጨምሩ አሳየ። ታዲያ ያ ጂን ያለበት ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካደረገ እግሩ አያብጥም። ጂኑ የትም አልሄደም፣ አብሮት አለ፣ ግን ሥራ ፈት ነው።

ፓርኪንሰን እንደዚያ ጫማ የሚሆንለት አንድ ግልጽ ነገር የለውም፣ እሱ ነው ችግሩ። የሚታወቁ አጋላጮች ግን አሉ። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ በስህተት የተቀመመ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በቀናት ውስጥ ደርቀው ቀሩ፣ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ ነው ገብቶባቸው የነበረው፣ ያንኑ የዶፓሚን ሴል ነው የገደለባቸው፣ ምንም የዘር ነገር ሳይኖር። ፓራኳትና ሮቴኖን የተባሉ የእርሻ ኬሚካሎችም ከበሽታው ጋር ተያይዘዋል፣ ፈረንሳይ በ2012 ለገበሬዎቿ ፓርኪንሰንን ከፀረ ተባይ ጋር የተያያዘ የሥራ በሽታ ብላ አውቃለች። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጤፍና ስንዴው መሃል መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ጓንት የለ፣ ጭምብል የለ፣ ነፋሱ ሲዞር ራሱ ላይ እየመለሰ የሚረጨውን ጎረምሳ አስቡት። የሚረጨው ነገር ሁሉ ፓርኪንሰን ያመጣል አላልኩም፣ ግን ሽማግሌዎቹ ስለ ልጁ ጤና ከተጨነቁ የአያትን እጅ ከመቁጠር ይልቅ የመርጫውን ጓንት ቢገዙ ይሻላል ባይ ነኝ። ራስ ላይ የሚደርስ ከባድ ምትም አለበት። ቡና ጠጪዎች ላይ ደግሞ በሽታው ቀንሶ ይታያል፣ ይሄን ስነግራት እናቴ «አባትሽ አቦል ቶና በረካ ሳያስቀር እየጠጣ ነው የታመመው» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ለማንኛውም ባለፈው ቢቸና ወርጄ ከሚያገባው ልጅ አጎት ጋር ተቀመጥን፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም፣ መስማት ፈለጉ።

«እና በዘር የለም ነው የምትይው?» አሉኝ።

«አለ አባ፣ የለም ብል ዋሸሁ። ማንም ሰው ከመቶ ሁለት ገደማ ነው በዕድሜው ይሄ በሽታ የሚያገኘው፣ አባቱ ወይም እናቱ የታመመ ሰው ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ከመቶ አራት አምስት ይበሉት። ዘጠና አምስቱ አይታመምም። ልጅቱ ደግሞ የአባዬ ልጅ አይደለችም፣ የልጅ ልጁ ናት፣ ከዚያም ይቀንሳል።»

ዝም ብለው በትራቸውን አሻሹ። እኔም «አንቱ ቤት ስኳር የለም?» አልኳቸው።

«አለ እንጂ፣ ይኸው እኔው ራሴ መርፌ ተወጊ አይደለሁ።»

«እሱም እኮ በዘር አለበት፣ ከዚህም በላይ። እኛ ጠየቅን?»

«እ... አልጠየቃችሁም» ብለው ሳቁ። ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን ብለዋል፣ መቼም የሽማግሌ ነገር ነው፣ እስኪቆረጥ ድረስ አይታመንም።

ምርመራውን አሠርተን ብንገላገልስ የሚል የአጎቴ ልጅ አለ፣ ካናዳ ነው ያለው፣ ምራቅ በፖስታ ይላካል ይለኛል። እኔ አባዬ ላይ አላደርገውም። ጂኑ ቢገኝም ባይገኝም የሚውጠው ክኒን ያው ነው፣ ገና በጂኑ ተለይቶ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት የለም፣ በሙከራ ላይ ያሉ አሉ። ከነሱ አንዱ አምብሮክሶል የሚባለው የሳል መድኃኒት ነው፣ ከጂቢኤ ኢንዛይም ጋር በተያያዘ እየተሞከረ ነው፣ አሁን ይሄን አንብባችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ የሳል ሽሮፕ እንዳትገዙ አደራ! ለጤነኛ ልጆችማ ምርመራው ጭንቀት መግዛት ነው። ጂኑን መጠየቅ ያለበት ሰው ከ40፣ ቢበዛ ከ50 ዓመት በፊት የጀመረው፣ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ በትክክል በሐኪም ፓርኪንሰን የተባሉ ብዙ ሰዎች ያሉት፣ ወይም እናትና አባቱ የሚዛመዱ ሰው ነው፣ እሱም ውጤቱን ከሚያስረዳው ሐኪም ጋር።

ከጂን በፊት ግን መድኃኒት ሣጥኑን እዩ። ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላዚል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ጭምር፣ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣሉ፣ ብዙ ጊዜ በሐኪም ሲቀየሩ ይተዋል። ፓርኪንሰን ላለበት ሰው ደግሞ ፕላዚል ያብስበታል፣ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሲገባ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሌቮዶፓውን (የፓርኪንሰኑን ክኒን) ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ስጡት፣ ሥጋና እንቁላል አብሮ ሲበላ ክኒኑ በደንብ አይሠራም፣ እኛ ቤት በፋሲካ ሰሞን ነው ይሄ የታየው፣ ዶሮው ከገባ ወዲያ አባዬ ከወንበሩ አልነሳ አለ። አዲስ አበባ ላይ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚደግፍ ማኅበር አለ፣ መረጃ ከፈለጋችሁ እነሱን ጠይቁ። ክኒኑን ደግሞ ሲያልቅ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ፣ በየፋርማሲው አይገኝም፣ ድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው።